ሐሳብ ቀን ካልተያዘለት ንብረት አይሆንም
አዲስ የስፖርት መሣሪያ ለመፍጠር ለሚያስቡ ባለ ሱቆችና ባለ ታክሲዎች



በዚህ ዓምድ ዘወትር የምንነጋገረው ስለ ሱቅ ኪራይ ውል፣ ስለ ታክሲ ፈቃድ፣ ስለ መኖሪያ ወረቀትና ስለ ገቢ ግብር ነው። የዛሬው ትምህርታችን ከዚህ ትንሽ ወጣ ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ወገኖቻችንን የሚመለከት ጉዳይ ነው። ታክሲ የሚነዳ ሰው በቀን አሥርና አሥራ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ይውላል፤ ወገቡ ይያዛል፣ ትከሻው ይደነድናል። ባለ ሱቁም ካርቶን ሲያወርድና ሲደረድር ጀርባውን ይጎዳል። ችግሩን የሚያውቅ ሰው መፍትሔውንም ማሰቡ አይቀርም። አንዱ ወገብ ማፍታቻ፣ ሌላው በሱቁ ጓዳ ሊቆም የሚችል ብረት ማንሻ ያስባል። የሚያሳዝነው፣ አብዛኛው ሐሳብ በቡና ላይ ተወርቶ መቅረቱ ነው። ይባስ ብሎም፣ ሐሳቡን ሌላ ሰው በስሙ አስመዝግቦት ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ይታያል።

ለትምህርታችን እንዲመች አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ባለ ታክሲ በአውሮፕላን ማረፊያ ተራውን ሲጠብቅ፣ በመኪናው መቀመጫ መደገፊያ ላይ በቀበቶ የሚታሰር፣ ጀርባንና ትከሻን የሚያሠራ ቀላል መሣሪያ አሰበ እንበል። ይህን ሰው እስከ መጨረሻው ይዘነው እንሄዳለን። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የአገራችን ሰው የሠሩት ሥራ

“ይህ የፈረንጅ ሥራ ነው፤ ለእኛ የሚሆን አይደለም” የሚል ካለ፣ ቦውፍሌክስ የሚባለውን የቤት ውስጥ የስፖርት መሣሪያ ያስታውስ። በአሜሪካ ቴሌቪዥን ለዓመታት ሲተዋወቅ ያላየ የለም። የመሣሪያው ፈልሳፊ ኢትዮጵያዊው አቶ ተሰማ ዶሾ ሽፈራው ናቸው። በሳን ፍራንሲስኮ የኢንዱስትሪ ዲዛይን ተማሪ የነበሩት እኚህ ሰው የፓተንት ማመልከቻቸውን ያስገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1984 ሲሆን፣ ፓተንቱ የተሰጣቸው ኅዳር 4 ቀን 1986 ነው። ቁጥሩ 4,620,704 ነው። ይህን ቁጥር በኢንተርኔት ላይ በጉግል ፓተንትስ ያስገባ ማንኛውም ሰው ሥዕሉንም ጽሑፉንም ያለ ክፍያ ማየት ይችላል።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ከሳቸው ሌላ ስለ ስፖርት መሣሪያ ያሰበ ሰው አልነበረም ማለት አይደለም። የሳቸው ሐሳብ ግን በወረቀት ላይ ሰፍሮ፣ ሥዕል ተሠርቶለት፣ ቀን ተይዞለታል። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ፈጠራው ምኑ ላይ ነው?

የተለመደው ብረት ማንሻ አንድ ጉድለት አለው። ብረቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያው ክብደት ነው፤ የሰው ጉልበት ግን በእንቅስቃሴው መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ላይ እኩል አይደለም። ስለዚህ ብረቱ በአንድ ቦታ ሲከብድ በሌላው ይቀላል።

ይህን ችግር አሜሪካዊው አርተር ጆንስ በአንድ መንገድ ፈታው። በ1970 መሸጥ በጀመረው ናውቲለስ በተባለው ማሽን ላይ፣ በክብ መዘውር ፋንታ ቅርጹ እየሰፋና እየጠበበ የሚሄድ ካም አስገባ። መኪና የምትነዱ ሁሉ በሞተራችሁ ውስጥ ስላለው ካምሻፍት ታውቃላችሁ፤ አሠራሩ የሚመሠረተው በዚያው መርሕ ላይ ነው። ካሙ ሲዞር ገመዱ የሚጎትትበት ርቀት ስለሚለዋወጥ፣ ክብደቱ ጉልበት በሚበረታበት ቦታ ይበረታል፣ ጉልበት በሚደክምበት ቦታ ይቀንሳል። ስሙም የተወሰደው ካሙ ከሚመስለው ከአንድ የባሕር ፍጥረት ቅርፊት ነው።

አቶ ተሰማ ደግሞ ብረቱን ጨርሰው አስወገዱት። በምትኩ የሚተጣጠፉ ዘንጎችን በገመድና በመዘውር አያይዘው፣ ጉልበት የሚጠይቀው የዘንጉ መታጠፍ እንዲሆን አደረጉ። ቀስት የገተረ ሰው እንደሚያውቀው፣ ዘንግ በታጠፈ ቁጥር እየበረታ ይሄዳል። በኋላ በገበያ ላይ የዋለው መሣሪያ ባለ 5፣ 10፣ 30 እና 50 ፓውንድ ዘንጎች ያሉት ሲሆን ጠቅላላው 210 ፓውንድ ይደርስ ነበር። ያን ያህል ብረት ወደ ፎቅ ቤት ተሸክሞ መውጣት ቀረ ማለት ነው። ነገሩን የሚያስገርመው፣ ቦውፍሌክስን ይሸጥ የነበረው ኩባንያ በ1999 የአርተር ጆንስን ናውቲለስን መግዛቱ ነው።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። “አዲስ የስፖርት መሣሪያ ፈጠርሁ” ማለት ብቻውን አይበቃም። “የቀድሞው መሣሪያ ይህን ያህል ችግር ነበረበት፤ እኔ በዚህ መንገድ ፈታሁት” ብሎ በሁለት ዐረፍተ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ባለ ታክሲያችን “ያሉት መሣሪያዎች ቦታ ይፈጃሉ፣ ከመኪና መውረድም ይጠይቃሉ፤ የእኔ ግን መቀመጫውን እንደ ድጋፍ ይጠቀማል” ካለ፣ መነሻ አገኘ ማለት ነው።

መጀመሪያ ፍለጋ

አንድ ዶላር ከማውጣትዎ በፊት ያሰቡት ነገር ከዚህ ቀደም ተሠርቶ እንደሆነ ይፈልጉ። ፓተንቶች እንደ ሱቅ ዕቃ በመደርደሪያ የተከፋፈሉ ናቸው። ጡንቻ ማጠንከሪያ መሣሪያዎች ያሉበት መደርደሪያ ኤ63ቢ 21 ይባላል። በዚያ ውስጥ በሞላ፣ በላስቲክና በሚተጣጠፍ ነገር የሚሠሩት በ21/02፣ በክብደት የሚሠሩት በ21/06 ሥር ይገኛሉ። በብዙ ከተሞች በሕዝብ ቤተ መጻሕፍትና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የፓተንትና የንግድ ምልክት መረጃ ማዕከላት አሉ፤ ሠራተኞቻቸው እንዴት እንደሚፈለግ በነፃ ያሳያሉ። ተመሳሳይ ነገር ቢያገኙ አይደንግጡ። የቀድሞው ሰው ያልፈታው ነገር ምን እንደሆነ ያንብቡ፤ የእርስዎ ድርሻ እዚያ ሊሆን ይችላል።

የቀኑ ጉዳይ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። በአሜሪካ ከመጋቢት 16 ቀን 2013 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ፣ በመሠረቱ ቀድሞ ላመለከተ ፈልሳፊ የሚያደላ ነው። “እኔ ነበርሁ ቀድሜ ያሰብሁት” ማለት እንደ ዱሮው አያድንም።

ሁለተኛው ሰዓት ደግሞ ይህ ነው። መሣሪያዎን ለሕዝብ ካሳዩ፣ ከሸጡ ወይም ለሽያጭ ካቀረቡ፣ በአሜሪካ ለማመልከት አንድ ዓመት ብቻ ይቀርዎታል። በአውሮፓ ግን ያችም አንድ ዓመት የለችም፤ ሳያመለክቱ ያሳዩት ነገር አዲስነቱን ያጣል። ባለ ታክሲያችን መሣሪያውን በቪዲዮ ቀርጾ ለወዳጆቹ በቲክቶክ ቢለቅቀው፣ ሰዓቱ መቁጠር ጀመረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ የተለቀቀውን መመለስ አይቻልም።

ለዚህ መድኃኒቱ ጊዜያዊ የፓተንት ማመልከቻ ነው። መሥሪያ ቤቱ ይህን ማመልከቻ አይመረምረውም፤ ቀን ብቻ ይይዝልዎታል። ለ12 ወራት “ፓተንት በመጠባበቅ ላይ” ብለው መጻፍ ይችላሉ። በ2025 በወጣው የክፍያ ሠንጠረዥ፣ ክፍያው ለአነስተኛ ድርጅት 130 ዶላር፣ ማይክሮ ለሚባለው ዝቅተኛ ደረጃ 65 ዶላር ነው። ማይክሮ ለመባል ገቢዎ በሕጉ ከተወሰነው ጣሪያ መብለጥ የለበትም፤ ከዚህ ቀደም በፈልሳፊነት የተጠቀሱባቸው ማመልከቻዎችም ከአራት መብለጥ የለባቸውም። አብዛኛው ባለ ታክሲና ባለ ትንሽ ሱቅ በዚህ ውስጥ ይገባል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለ። አንደኛ፣ በጊዜያዊው ማመልከቻ ውስጥ ያልተጻፈ ነገር ቀን አይያዝለትም፤ ስለዚህ ሥዕሉንም፣ ልኩንም፣ ሌላ ሊሠራ የሚችልበትንም መንገድ ሁሉ ይጻፉ። ሁለተኛ፣ 12ቱ ወራት ሳያልቁ ዋናው ማመልከቻ ካልገባ የያዙት ቀን ይጠፋል። የመኪና ኢንሹራንስ የሚያልቅበትን ቀን ከሚጽፉበት ቦታ ላይ ይህንንም ይጻፉት።

በአሜሪካ የተሠራን ፈጠራ አስቀድሞ አገር ቤት ለማስመዝገብ የሚያስቡም ይጠንቀቁ። ያለ አሜሪካ መንግሥት ፈቃድ መጀመሪያ በውጭ አገር ማመልከት፣ የአሜሪካውን መብት ሊያሳጣ ይችላል። የአሜሪካ ፓተንትም የሚሠራው በአሜሪካ ብቻ ነው፤ በአዲስ አበባ፣ በዱባይ ወይም በለንደን አይጠብቅዎትም።

ፓተንት የሚጠብቀው የተጻፈውን ነው

ብዙ ሰው ፓተንት ሐሳቡን በሙሉ የሚያጥር አጥር ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። በፓተንቱ መጨረሻ በቁጥር የተዘረዘሩ የመብት ጥያቄዎች አሉ፤ የሚጠበቀው እነሱ ውስጥ ያለው ነው። ባለ ታክሲያችን “ቀበቶ፣ ሁለት ዘንግ፣ የብረት መቆለፊያና የጎማ እጀታ ያለው መሣሪያ” ብሎ ቢጽፍ፣ ተወዳዳሪው መቆለፊያውን አስቀርቶ በሦስቱ ብቻ ቢሠራ፣ ብዙውን ጊዜ አያስጠይቀውም። የቃላቱ አመራረጥ ገንዘብ የሚያወጣው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ዋናውን ማመልከቻ በፓተንት መሥሪያ ቤቱ ዝርዝር ውስጥ ስሙ ባለ ጠበቃ ወይም ኤጀንት ማስጻፍ ይመረጣል። ዋጋው ብዙ ሺህ ዶላር ሊደርስ ይችላል። አቅም ለሌላቸው ፈልሳፊዎች በነፃ የሚሠሩ ጠበቆችን የሚያገናኝ የፓተንት ፕሮ ቦኖ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ በመሥሪያ ቤቱ ፕሮግራም የታቀፉ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ይረዳሉ። ፓተንቱ ከተሰጠ በኋላም በሦስት ዓመት ተኩል፣ በሰባት ዓመት ተኩልና በአሥራ አንድ ዓመት ተኩል የሚከፈል የማቆያ ክፍያ አለ። ካልተከፈለ መብቱ ይቋረጣል።

ስለ ሽርክና

የእኛ ሰው በዕቁብና በዝምድና ተማምኖ ሥራ ይጀምራል፤ መልካም ልማድ ነው። በፓተንት ላይ ግን መተማመኑ በወረቀት ይሁን። ገንዘብ ያበደረ ወንድም በማበደሩ ብቻ ፈልሳፊ አይባልም፤ በአንጻሩ ደግሞ የመሣሪያውን ዋና ክፍል ያሰበ ጓደኛ ስሙ ሊቀር አይገባም። በአሜሪካ ሕግ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የፓተንት የጋራ ባለቤት የሆነ ሁሉ ሌላውን ሳያስፈቅድና ሳያካፍል መሣሪያውን አምርቶ መሸጥ ይችላል፤ ለሌላም ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል። አብሮ አደግን ከአብሮ አደግ የሚያጣላ ነገር ነውና፣ ማን ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ከመጀመሪያው በጽሑፍ ተፈራርሙ። ከታክሲው ሌላ በኩባንያ ተቀጥረው የሚሠሩም የቅጥር ውላቸውን ያንብቡ፤ አንዳንዱ ውል የሠራተኛውን ፈጠራ ለአሠሪው ይሰጣል።

“ሐሳብዎን እንሸጥልዎታለን” ከሚሉት ይጠንቀቁ

በቴሌቪዥንና በኢንተርኔት “ነፃ መረጃ እንልክልዎታለን” እያሉ የሚያስተዋውቁ ድርጅቶች አሉ። መጀመሪያ ሐሳብዎ ድንቅ መሆኑን ይነግሩዎታል፤ ለሁሉም የሚሉት ይህንኑ ነው። ቀጥሎ ጥቂት መቶ ዶላር፣ ከዚያ ጥቂት ሺህ፣ ከዚያም አሥር ሺህ ይጠይቃሉ። ለታክሲ መግዣ የተጠራቀመ ገንዘብ በዚህ መንገድ ሊያልቅ ይችላል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2017 ወርልድ ፓተንት ማርኬቲንግ የተባለውን ድርጅት በማጭበርበር ከስሶ አዘግቶታል።

የ1999ኙ ሕግ አንድ መሣሪያ ሰጥቶናል። እንዲህ ያለ ድርጅት ውል ከማስፈረሙ በፊት፣ ባለፉት አምስት ዓመታት ስንት ፈጠራ ገምግሞ ስንቱን እንደተቀበለ፣ ከደንበኞቹም ውስጥ ከከፈሉት በላይ ያተረፉት ስንት እንደሆኑ በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። “ይህን ቁጥር በወረቀት ስጡኝ” ይበሉ። ከሸሹ መልሱን አገኙ ማለት ነው።

ሰው የሚጎዳ መሣሪያ ባለቤቱን ይጎዳል

የስፖርት መሣሪያ እንደ ጨርቃ ጨርቅ አይደለም፤ ሲሰበር ሰው ላይ ይወድቃል። ሰኔ 2025 ላይ የቦውፍሌክስ 552 እና 1090 ተብለው የሚጠሩ ክብደታቸው የሚለዋወጥ ዳምቤሎች፣ ብረቶቹ በሥራ ላይ እያሉ ሊወልቁ ስለሚችሉ፣ ወደ 3.8 ሚሊዮን የሚጠጉት ከገበያ እንዲሰበሰቡ ተደርጓል። ትልቅ ስም ያለው ዕቃ ላይ ይህ ከደረሰ፣ በጋራዥ ውስጥ በተሠራ ዕቃ ላይ ሊደርስ የሚችለውን መገመት አያዳግትም።

የባለ ታክሲያችንን መሣሪያ እንውሰድ። በብዙ መኪኖች የጎን ኤርባግ የሚወጣው ከመቀመጫው ጎን ነው። በዚያ ላይ ቀበቶ ማሰር በአደጋ ጊዜ ኤርባጉን ሊያግደው ይችላል። ስለዚህ መሣሪያው መኪናው በቆመበት ብቻ የሚታሰርና ወዲያው የሚፈታ መሆን አለበት፤ ማስጠንቀቂያውም በጉልህ መጻፍ አለበት። ከመሸጥዎ በፊት፦

1. ለስፖርት መሣሪያዎች የወጣውን ኤ ኤስ ቲ ኤም ኤፍ2276 የተባለውን መለኪያ ያስመርምሩ።
2. ዘንጉንም፣ ገመዱንም፣ ስፌቱንም ከሚሸከመው በላይ አስጭነው ይፈትኑ፤ ውጤቱንም በቀን ይመዝግቡ።
3. ሥራውን ከቤትዎና ከታክሲዎ የተለየ ኤል ኤል ሲ አቋቁመው ይያዙ። ይህ ግን ብቻውን አያድንም፤ ምርቱ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊነት የሚሸፍን ኢንሹራንስ ይግዙ። የታክሲና የሱቅ ኢንሹራንስዎ ይህን ይሸፍናል ብለው አይገምቱ።

ስለ መኖሪያ ወረቀት

በዚህ ዓምድ በብዛት የሚጠየቀው ይህ ነውና በአጭሩ እንመልስ። ፓተንት ለማግኘት ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ አያስፈልግም፤ የአሜሪካ የፓተንት ሕግ የሚለው “ማንም የፈለሰፈ ሰው” ነው። ነገር ግን ማመልከት አንድ ነገር ነው፣ መሣሪያውን እያመረቱ መሸጥ ሌላ ነገር ነው። የሥራ ፈቃድ የሌለው ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው፣ ንግዱን ከመጀመሩ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።

“ፓተንት ካለኝ ግሪን ካርድ አገኛለሁ ወይ?” ለሚለው ደግሞ፣ ፓተንት ብቻውን አያስገኝም። ልዩ ችሎታ ላላቸው ወይም ለአገር ጥቅም በሚሠሩ ሰዎች መደብ ለሚያመለክት ሰው ግን እንደ አንድ ማስረጃ ሊቀርብ ይችላል። ክብደት የሚኖረው ፈጠራው በሥራ ላይ መዋሉ፣ ኩባንያ ፈቃድ መግዛቱ፣ በሙያው ውስጥ ለውጥ ማምጣቱ ሲታይ ነው። “ፓተንት አውጣና ወረቀትህ ያልቅልሃል” የሚል ደላላ ቢመጣ አይመኑት።

ማምረት ወይስ ማከራየት? ስሙስ?

ፓተንቱን ይዘው ራስዎ ማምረት ይችላሉ፤ ገንዘብም፣ መጋዘንም፣ ጊዜም ይጠይቃል። ወይም ለሚያመርት ኩባንያ ፈቃድ ሰጥተው ከሽያጩ መቶኛ መቀበል ይችላሉ። ታክሲ ያለው ሰው ይህን በደንብ ይረዳዋል፤ ራሱ እንደመንዳትና ለሌላ ሰው እንደማከራየት ያለ ነው። ፈቃድ ሲሰጡ ግን በውሉ ላይ በየዓመቱ የሚከፈል ዝቅተኛ ገንዘብና መሣሪያው ሳይመረት ቢቀር መብቱ ወደ እርስዎ የሚመለስበት ቀን ይኑር። አለበለዚያ ተወዳዳሪ ኩባንያ ፈቃዱን ገዝቶ ሊያስቀምጠው ይችላል።

ዛሬ የሚሰጥ ፓተንት ዕድሜው ዋናው ማመልከቻ ከገባበት ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ነው። የቦውፍሌክስ ፓተንት ሚያዝያ 27 ቀን 2004 አበቃ፤ ከዚያ በኋላ በእሱ የተጠበቀውን ማንም ሊሠራው ይችላል። ስሙ ግን አላበቃም። በዚያው በ2004 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ አንድ ተወዳዳሪ ኩባንያ “ክሮስቦው” የሚለውን ስም እንዳይጠቀም የተሰጠውን ጊዜያዊ እግድ አጽንቷል። ኩባንያው በ2024 ዕዳ በዝቶበት የኪሳራ ማመልከቻ ሲያቀርብ፣ ቦውፍሌክስ የሚለው ስምና ሌላው ንብረቱ ለታይዋን ኩባንያ ለጆንሰን ሄልዝ ቴክ በ37.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። የንግድ ምልክት በሥራ ላይ እስካለና እስከታደሰ ድረስ ይኖራል። ስለዚህ ለመሣሪያዎ ስም ሲያወጡ ያስቡበት፤ ለብቻውም ያስመዝግቡት።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራ

ገጹ የማይገነጠል ደብተር ይግዙ። ያሰቡትን በአማርኛም ቢሆን ይጻፉ፣ ይሣሉ፣ ቀን ያስገቡ፤ አንድ የሚያምኑት ሰው አንብቦ ይፈርምበት። ደብተሩ ሐሳቡ የእርስዎ ለመሆኑ ምስክር ይሆናል እንጂ የማመልከቻን ቦታ አይተካም። ቀጥሎ የአቶ ተሰማን ፓተንት ከፍተው ሥዕሎቹን ከመብት ጥያቄዎቹ ጋር እያስተያዩ ያንብቡ። እንግሊዝኛው ቢከብድዎ ኮሌጅ የሚማር ልጅዎ ያግዝዎ፤ ለእሱም ትምህርት ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃል። ከዚያ በኋላ ወደ መረጃ ማዕከሉ ወይም ወደ ጠበቃው ሲሄዱ፣ የሚጠይቁትን ያውቃሉ።

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ዕውቀት የቀረበ እንጂ የሕግ ምክር አይደለም፤ የክፍያ ልክም በየጊዜው ስለሚለወጥ፣ ከማመልከትዎ በፊት መሥሪያ ቤቱ ያወጣውን የወቅቱን ሠንጠረዥ ይመልከቱ። መልካም ሥራ።